ጭላዳ በብሮንክስ፣ ጭላዳ በኩታበር

ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ያለው ትልቁ የእንስሳት ፓርክ ውስጥ የኛ ጭላዳ አለ። በፈረንጆቹ ከ1990 ጀምሮ። ቦታው የኢትዮጵያን ደጋ እንዲመስል ታስቦ የተሠራ ነው። ሰው ቅዳሜ ቀን ትኬት ቆርጦ፣ ልጆቹን አስከትሎ ይመጣና ፊት ለፊት ቆሞ ሲያይ ይውላል። ደሴ ተወልዶ ላደገ ሰው ይሄ ደስም ይላል፣ ግርምም ይላል። እኛ ጋ ልጆች ጭላዳ ሲያዩ መጀመሪያ እጃቸው የሚሄደው ወደ ድንጋይ ነውና።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ደሴ ገብቼ አጎቴን ለመጠየቅ ወደ ኩታበር ወጣሁ። መንጋው አፋፉ ላይ ተሰማርቷል። ጭላዳ የሚግጠው ቁጭ ብሎ ነው። ሳሩን በሁለት እጁ በጣቶቹ እየነጨ መዳፉ ሲሞላ ወደ አፉ ይከታል፣ ከዚያ ሳይነሳ በቂጡ እየተንፏቀቀ ወደሚቀጥለው ሳር ይሄዳል። በጋ ሲሆንና ሳሩ ሲደርቅ ሥሩን ቆፍሮ ይበላል። ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ኑሮውን በሳር ላይ የመሠረተ ሌላ የለም። የቅርብ ዘመዶቹ ድሮ በብዙ የአፍሪካ ክፍል ይኖሩ ነበር፤ ሁሉም ጠፍተው የቀረው እሱ ብቻ ነው፣ እሱም በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ። ማታ አውሬ የማይደርስበት ገደል ውስጥ ወርዶ ያድራል፣ ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ይወጣል። ከላይ ሳር፣ ከታች ገደል፤ ሌላ ብዙ አይፈልግም። ወሎ ገደሉ ሞልቷል። ሳሩ ነው የሚያሳስበው። ግጦሹ እየታረሰ እስከ አፋፉ ድረስ ገብስ ሲዘራ ጭላዳው የሚግጠው ያጣና ገብሱ ውስጥ ይገባል።

አጎቴን "ይሄ እንስሳ እኮ አሜሪካ ተከፍሎ ነው የሚታየው" አልኳቸው። "እኛም እንከፍላለን እንጂ፣ በገብስ" አሉኝ። ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ማሳ ይጠብቃል። እውነታቸውን ነው። ከውጭ መጥቶ "እንስሳ አትንኩ" እያሉ ገበሬን መገሠጽ ነውር ነው። እኔ ብሮንክስ ተቀምጬ እንስሳ ስወድ ከጎተራዬ አንድ ፍሬ እህል አልጎደለም።

ደግሞ ፈረንጅን ከጥንት ጀምሮ እንስሳ ወዳድ አድርገን የምናስብ ብዙ ነን። አይደለም። ባይሰን የሚባለው የአሜሪካ ጎሽ በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠር ነበር። ፈጁት። በ1880ዎቹ መጨረሻ ከአንድ ሺህ በታች ቀረ። ከዚያ በ1907 ከዚሁ ከብሮንክስ ፓርክ 15 ጎሾች በባቡር ተጭነው ወደ ኦክላሆማ ተላኩ፣ ሜዳው ላይ እንደገና እንዲራቡ። ተኩላንም ከየሎውስቶን ፓርክ በ1920ዎቹ ጨርሰው አጥፍተው፣ በ1995 ከካናዳ አስመጥተው ለቀቁ። ራሰ ነጩ ንስር፣ የአገሪቱ ምልክት ሆኖ ሳለ፣ ዲዲቲ በሚባለው የተባይ መርዝ የእንቁላሉ ቅርፊት እየሳሳ በ1963 ከአላስካ ወዲህ ባሉት ግዛቶች 417 ጥንድ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ያገገመው መርዙ በ1972 ከታገደ በኋላ ነው። አጥፍቶ መመለስ ስንት ገንዘብና ስንት ዘመን እንደሚፈጅ እነሱን ማየት ይበቃል። እኛ ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም ገና በእጃችን አሉ። ለመመለስ ሳይሆን ላለማጣት ነው የምንለፋው፣ ይሄኛው ደግሞ በጣም ይረክሳል።

ቀይ ቀበሮን ልውሰድ። በዓለም ላይ የቀሩት ለአቅመ መውለድ የደረሱት 500 አይሞሉም። ከእነዚህ ጥቂቶቹ እዚሁ ደቡብ ወሎ፣ ቦረና ሳይንት ላይ ይኖራሉ፣ ሌሎች ጥቂቶች ደግሞ ሰሜን ወሎ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ። ዋና ምግቡ አይጥ ነው። ሰሜን ሸዋ መንዝ ውስጥ፣ ጓሳ በሚባለው ሳራም ደጋ ላይ ያጠኑ ሰዎች ያዩት ነገር ይገርማል፤ ቀበሮው የጭላዳ መንጋ መሃል ገብቶ አይጥ ሲያድን ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን ግን ከአራት አንዱ። ጭላዳዎቹም ግልገላቸውን ብዙም ስለማይነካ አይሸሹትም። በ2024 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮ ከረጃጅም ቀይና ቢጫ አበቦች ማር ሲልስ፣ አፍንጫው በአበባ ዱቄት ተለውሶ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ሲሄድ አሳይቷል። ሥጋ በል እንስሳ እንደ ንብ አበባ ያዳቅል ይሆናል ማለት ነው!

ይህን እንስሳ የሚፈጀው በአብዛኛው ጥይት አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ነው፣ ከኛው ውሻ የሚተላለፍ። ባሌ ላይ ተደጋግሞ ገብቶ ብዙ ቀበሮ ገድሏል።

ጅብም ስሙ ጠፍቶ ቀርቷል እንጂ ባለውለታችን ነው። ኒው ዮርክ ቆሻሻው በላስቲክ ታስሮ አስፋልት ዳር ሲያድር ስለኖረ አይጥ ከተማውን ወርሶታል፣ ይህን ለመቆጣጠር በ2023 ራሱን የቻለ ኃላፊ እስከመሾም ደርሰዋል። እኛ ጋ የሞተ ከብት የሚያነሳው ጅብ ነው። መቀሌ ዙሪያ በተደረገ ጥናት ጅቦች በዓመት ከ200 ቶን በላይ የእንስሳ ጥራጊ እንደሚያስወግዱና በዚህም አባሰንጋንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን እንደሚቀንሱ ተሰልቷል።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ ደጋው ነው። ኮምቦልቻ ወርዶ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የተጓዘ ሰው በአንድ ቀን ሌላ ዓለም ይገባል። እዚያ አፋር በረሃ ውስጥ የዱር አህያ አለ፤ ሰኞ ገበያ እህል ተሸክሞ የሚቆመው አህያ ዘሩ የሚመዘዘው ከአፍሪካ የዱር አህያ ነው። እሱም ሊጠፋ የቀረው ጥቂት ነው። ከውጭ ልጆቻችንን ይዘን ስንመጣ ግን ከሆቴል ወደ ሠርግ፣ ከሠርግ ወደ ሆቴል አድርገናቸው እንመለሳለን፣ ልጆቹም የአገራቸውን እንስሳ የሚያውቁት ብሮንክስ ላይ ይሆናል።

እንስሳ መጠበቅ የፈረንጅ ፈሊጥ ነው የሚለኝ ሰው አይጠፋም። መንዝ ያሉ ገበሬዎች ጓሳን ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በራሳቸው ደንብ ሲጠብቁት ኖረዋል። ሳሩ እንዲያገግም ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲከፈት ይታጨዳል። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም እዚያ የተረፉት በዚህ ነው። አሜሪካኖቹ የመጀመሪያውን ብሔራዊ ፓርክ የከለሉት በ1872 ነው።

እኛ በውጭ ያለን የወሎ ልጆች ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመስጊድ፣ ለትምህርት ቤት እናዋጣለን፣ ደግ ነው። ለውሻ ክትባትም እናዋጣ እላለሁ። ቀበሮ ባለበት አካባቢ የመንደር ውሻ ሲከተብ ቀበሮው ይተርፋል፣ ከብቱም ልጁም ይተርፋል። ማሳ ለሚጠብቅ ሰው የሚከፈል ደመወዝም እዚያው ውስጥ ይግባ፣ ልጁ ትምህርት ቤት እንዲውል። አጎቴን ስለ ክትባቱ አማከርኳቸው። ውሻቸውን ለማስከተብ ፈቃደኛ ናቸው፣ ጎረቤቶቻቸውንም እናግራለሁ ብለዋል። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ከታቢው ከተማ ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል ወይስ እስከ መንደሩ ይመጣል?"