በአንድ ቀን አምስት ሙዚየም? ለእኛ አይሆንም

የአዲስ አበባን ሐውልቶችና ሙዚየሞች ስለመጎብኘት የወጣው ጽሑፍ ጥሩ ነው። ግን በአንድ ቀን አምስት ሙዚየም አዳርሱ የሚለው ምክሩ ከአዳማ ለምንመላለስ ሰዎች አይሆንም። በፈጣን መንገዱ በጠዋት ብንወጣም የከተማው መጨናነቅ ጊዜያችንን ይበላዋል።

እኔ የምለው፣ መጀመሪያ በታክሲ ስድስት ኪሎ ውጡ። ከዚያ በእግር ቁልቁል መውረድ ነው። የየካቲት 12 ሐውልት አደባባዩ ላይ አለ። ፎቶ ተነስቶ ከመሮጥ፣ ዙሪያውን የተቀረጹትን ምስሎች ቀስ ብላችሁ እዩ። በ1929 በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ የተፈጸመውን ጭፍጨፋ ያሳያሉ።

ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አለ፤ አሁን ሙዚየም ነው። በር ላይ ፍተሻ ስላለ መታወቂያ ያዙ። የጃንሆይ መኝታ ክፍል እንዳያመልጣችሁ። በ1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጥይት የበሳው መስታወት እስካሁን አለ። ልጄ ከሁሉም በላይ የሚያወራው ስለ እሱ ነው!

ቀጥሎ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ድንቅነሽ ጋ። ጽሑፉ አልጠቀሰውም እንጂ እዚያ የምናየው ቅጂዋን ነው፤ ዋናው አጥንት ለብቻው በጥንቃቄ ተቀምጧል። ቢሆንም ቁማ ስትታይ ማጠሯ ይገርማል፤ 1 ሜትር ከምናምን ብትሆን ነው።

ፒያሳ ያለውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ግን ሌላ ቀን ስጡት። ሰፊ ነው፣ ደክሞት የገባ ሰው ምንም አያይበትም። ለመመለስ ደግሞ ከአሥር ሰዓት በፊት ተነሱ። ከሥራ መውጫ ሰዓት ጋር ከተጋጫችሁ ቃሊቲን ማለፍ ራሱ አንድ ጉዞ ነው።