የአድሬናሊኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው?

ባለፈው ሳምንት አክስቴን ይዤ አንድ የሰፈር ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ሴፍትሪያክሶን የሚባል የፀረ-ባክቴሪያ መርፌ ታዘዘላት። ሲስተሯ መድኃኒቱን ስትበጠብጥ፣ «ሲስተር፣ ለክፉም ለደጉም አድሬናሊን አላችሁ አይደል?» አልኳት።

«አለ፤ ፋርማሲ ተቆልፎበት ነው።»

«ቁልፉስ?»

«ፋርማሲስቱ ጋ። ምሳ ወጥቷል።»

አክስቴ ጎሸም አደረገችኝ። «አንተ ደግሞ ነገር ታበዛለህ!»

ላብዛ። እኛ አገር ኪኒን ብቻ ይዞ የወጣ ሰው የታከመ አይመስለውም። መርፌውን ደግሞ አልፎ አልፎ ሰውነት አልቀበልም ይላል። ቆዳ ያሳክካል፣ ከንፈርና ምላስ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያፏጫል፣ የደም ግፊት ቁልቁል ይወርዳል። ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ሲገጥም ግን ፋታ አይሰጥም። ይህ ከባድ አለርጂ ነው፤ ቀዳሚ መድኃኒቱም አድሬናሊን ነው። በፈረንጆቹ 2000 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት፣ በሕክምና በተሰጠ መድኃኒት እንዲህ ሆነው ከሞቱት ግማሽ ያህሉ በ5 ደቂቃ ውስጥ ትንፋሻቸው ወይም ልባቸው እንደቆመ አሳይቷል። ምሳ በ5 ደቂቃ አያልቅም።

ሌላው ችግር ፍርሃት ነው። አድሬናሊንን የሚፈራ ባለሙያ አለ። ፈርቶ መጀመሪያ ሃይድሮኮርቲዞን የሚባለውን ሌላ መድኃኒት ይሰጣል። እሱ ሥራ እስኪጀምር ደግሞ ሰዓታት ይፈጃል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ፍርሃቱ ግን ከመሬት የተነሳ አይደለም። አንዷ ባለ 1 ሚሊግራም አምፑል ሁለት ሥራ አላት። ልቡ ለቆመ ሰው ሙሉዋ በደም ሥር ትገባለች። ልቡ እየመታ ላለ ሰው እንደዚያ ከተሰጠች ግን ምቱን ታዛባለች፣ ግፊቱን ሰማይ ታደርሳለች፣ ጭንቅላት ውስጥ ደም ልታፈስ ትችላለች። ለአለርጂ፣ ለአዋቂ፣ ልኩ ግማሽ አምፑል ነው፤ ጭን ላይ፣ በውጭ በኩል፣ ጡንቻ ውስጥ። ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ቦታውም ቀልድ አይደለም። በልጆች ላይ ሲለካ፣ ጭን ጡንቻ ላይ የተወጋው መድኃኒት ደም ውስጥ ጣራ የደረሰው በ8 ደቂቃ ገደማ ነው። ክንድ ላይ ከቆዳ ሥር የተሰጠው 34 ደቂቃ ፈጅቷል። ደግሞ ግፊቱ የወረደን ሰው «ተነስ፣ ንፋስ ይምታህ» ማለት አደጋ ነው። ይጋደም፣ እግሩ ከፍ ይበል።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን የልጆቻቸው ቦርሳ ውስጥ የሚከቱት ኤፒፔን የሚባል ተሞልቶ የተዘጋጀ መርፌ፣ ውስጡ ይኸው አድሬናሊን ነው። በፈረንጆቹ 2007 ጥንዱ 100 ዶላር ገደማ ነበር፤ 2016 ላይ 600 ደረሰ። እኛ ጋ አምፑልና ሲሪንጅ ይበቃል፤ እጅ የሚደርስበት ቦታ ከተቀመጠ።

ስለዚህ ለቁጥጥር የሚመጣ ሰው «አድሬናሊን አለ?» ብሎ፣ ራይት አድርጎ አይሂድ። «መርፌ ክፍል ቆመሽ፣ እጅሽን ዘርግተሽ አንሺልኝ» ይበል። ልኩም ግድግዳው ላይ በትልቁ ይጻፍ። በድንጋጤ ሰዓት ማን ሒሳብ ይሠራል?

የእኛን ነገር ልጨርስ። ቁልፉ ካልመጣ አትወጋም ብዬ ድርቅ አልኩ። ሲስተሯ ተናደደች፣ አክስቴ አፈረችብኝ። ከ40 ደቂቃ በኋላ ፋርማሲስቱ ስቴኪኒ እየነከሰ ገባ።