ለክቡር አቶ «መጨረሻውን ልንገርህ» የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ክቡር አቶ «መጨረሻውን ልንገርህ»
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አፍዎን ለሁለት ሰዓት ያህል እንዲዘጉልኝ ስለመጠየቅ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ናፍቆትዎም ምንም አልጎዳኝም።

የምጽፍልዎት ስለ ስታር ዋርስ፣ ስለዚያ የጠፈር ጦርነት ፊልም ነው። «አሁንም አልተውከውም?» እንደሚሉ አውቃለሁ። አልተውኩትም። ከ1977 ጀምሮ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ እቆጥራለሁ፤ ፊልሙም የፈረንጅ ነው) ዘጠኙ ዋና ዋናዎቹ ወጡ፣ ከጎናቸው ሌሎች ተጨመሩ፣ የቴሌቪዥን ተከታታይም መጣ። እኔ እያንዳንዱን ልቤ እየመታ ጠበቅኩ። እርስዎ ደግሞ እያንዳንዱን ቀድመውኝ አይተው፣ እኔን ጠበቁ።

የምንተዋወቀው ከልጅነት ነው። ያኔ እርስዎ አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆንዎት ነው፤ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ከኋላዬ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ቤቱ የጭቃ ቤት ነው። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። መግቢያ ሃምሳ ሳንቲም። ሌላ ጊዜ የሚታየው ካራቴ ነበር፤ ያን ቀን ግን ባለቤቱ ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ ካሴት ከተተ። ጥቁር የለበሰ፣ ፊቱን በጭንብል የሸፈነ ረጅም ሰውዬ መጣ። ይተነፍሳል። መተንፈስ ብቻ! ድምፁን የሠራው ቤን በርት የሚባል ባለሙያ መሆኑን፣ ማይክራፎን ጠላቂ ዋናተኞች በሚተነፍሱበት መሣሪያ ውስጥ ከትቶ እንደቀዳው ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ አስም ያለበት ሰይጣን ነበር የመሰለኝ።

አክተሩ ድልድይ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ከታች ማለቂያ የሌለው ገደል ነው። አክተር እንደማይሞት ሁላችንም እናውቃለን፤ ቢሆንም ትንፋሻችንን ይዘናል። ጥቁሩ ሰውዬ እጁን ዘረጋ። ሊናገር ነው።

እርስዎ ቀደሙት።

ሦስት ቃል ብቻ ነው የተናገሩት። ቤቱ በሙሉ «ውይ!» አለ። ሰውዬው ራሱ በዚያ ነጎድጓድ ድምፁ ሲናገረው የሬዲዮ ድጋሚ ፕሮግራም ሆነብኝ። ስወጣ ብቆጣዎት ምን አሉኝ? «እንግሊዝኛው መች ይገባህ ነበር?» እውነትዎን ነው፤ አይገባኝም ነበር። ግን ላለመረዳት የከፈልኩት ሃምሳ ሳንቲም የራሴ ነበር።

ሦስቷን ቃል እዚህ አልደግማትም። ምክንያት አለኝ፤ ወደ ኋላ እደርስበታለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ያችን ነገር ለመደበቅ ስንት ሰው እንደደከመ ያውቃሉ? በ1980 የወጣው ሁለተኛው ፊልም ሲቀረጽ፣ ጥቁሩን ልብስ ለብሶ የተወነው እንግሊዛዊው ዴቪድ ፕራውስ ነበር። እሱ እንዲናገር የተሰጠው ዓረፍተ ነገር የውሸት ነው። ምስኪኑ ሰውዬ ያንኑ ውሸት በሙሉ ልቡ ተወነ። እውነተኛውን ዳይሬክተሩ ኢርቪን ከርሽነር ድልድዩ ላይ የተንጠለጠለውን ሉክን ለሚተውነው ለማርክ ሃሚል የነገረው ቀረጻው ሊጀመር ሲል ነው፤ ፊቱ ላይ ድንጋጤው እንዲታይ። በኋላ ድምፁን የሰጠው ጄምስ ኧርል ጆንስ ደግሞ ጽሑፉን ሲያነብ «ይሄ ሰውዬ ይዋሻል» ብሎ ነበር ያሰበው። እንግዲህ ይታይዎት። አካሉን የሰጠው አላወቀም፣ ድምፁን የሰጠው አላመነም። እርስዎ በሃምሳ ሳንቲም ገብተው በነጻ አደሉት።

ይሄ ብቻ አይደለም። ሦስተኛውን በ1982 አሜሪካ ውስጥ ሲቀርጹ «ሰማያዊ አዝመራ» የሚባል አስፈሪ ፊልም እየሠራን ነው ብለው አገሩን ሁሉ ዋሹ። ስሙ የታተመበት ኮፍያና ቲሸርት ሳይቀር አሠሩ። አንዱ ምክንያት ምስጢር ነው። ሌላው ደግሞ ስታር ዋርስ መሆኑን የሰማ ነጋዴ ሁሉ ዋጋ ስለሚቆልል ነው። ይሄኛው ለእኛ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በ2019 ስለሆነውም ልንገርዎት። ጆሮው ትልልቅ የሆነው ያ አረንጓዴ ሕፃን ማንዳሎሪያን በሚባለው ተከታታይ የመጀመሪያ ክፍል መጨረሻ ላይ ብቅ ሊል ነው። አሻንጉሊቱ ቀድሞ ከተሠራ ምስጢሩ ይወጣል ብሎ የተከታታዩ ፈጣሪ ጆን ፋቭሮ ለመነ። ዲዝኒም እሺ አለ፤ የዚያ ዓመት የገና ገበያ ሕፃኑ ሳይሸጥበት አለፈ። ዲዝኒ እኮ ነው! አይጥ ሸጦ የከበረ ድርጅት! በ2012 ይህን ሁሉ ከስታር ዋርስ ፈጣሪ ከጆርጅ ሉካስ ላይ በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የገዛ ነጋዴ የገና ገበያውን ትቶ አፉን ያዘ። እርስዎን አፍዎን ለማስያዝ ስንት ቢሊዮን ይበቃ ይሆን?

በእርግጥ እነሱም ቤት ቀዳዳ አይጠፋም። ዘጠነኛው ሲሠራ ተዋናዩ ጆን ቦዬጋ ስክሪፕቱን አልጋ ሥር ረስቶት ቤት ቀየረ። ሊያጸዳ የገባ ሰው አገኘውና ኢቤይ የሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ለሽያጭ ወጣ። ዲዝኒ ሩጦ አስመለሰው። ይህን ስሰማ ወዲያው እርስዎን ነው ያሰብኩት። አልጋው ሥር እርስዎ ቢኖሩ ኖሮ አይሸጡትም ነበር፤ ጮክ ብለው ያነቡት ነበር።

ካደግን በኋላ ብዙ ጊዜ ተገናኝተናል፤ መልክዎ ይለያያል እንጂ አፍዎ ያው ነው። ሰባተኛው በ2015 መጨረሻ የወጣ ጊዜ ፊልም ጫኚ ሆነው ነበር። ያለፈው ከወጣበት ከ2005 ጀምሮ አሥር ዓመት የጠበቅኩት ፊልም ነው። ፌስቡክን ከስልኬ አጠፋሁ። ምሳ ብቻዬን በላሁ። ጥርት ያለ ቅጂ እስኪመጣ ወራት ታግሼ፣ ፍላሼን ይዤ ሱቅዎ መጣሁ። (ስለ ቅጂ መብት የሚነሳ ጥያቄ ካለ በሌላ ደብዳቤ እንነጋገራለን።) ፍላሹን ሰኩት። አረንጓዴዋ መስመር መሄድ ጀመረች። 40፣ 62፣ 80። እኔ መስመሯን አያለሁ፤ እርስዎ ማስቲካ ያኝካሉ። 87 ላይ ዞር አሉና «ብራዘር፣ አሪፍ ፊልም ነው። ብቻ ያ ሽማግሌ...» ብለው ጀምረው ጨረሱት። ሽማግሌው ማን እንደሆነ፣ ማን ምን እንዳደረገው፣ የት ቆመው እንደነበር ሳይቀር።

ፊቴን አይተው «እንዴ፣ አላየኸውም?» አሉኝ።

አንተ ሰውዬ! ይቅርታ፣ እርስዎ ሰውዬ! ያየሁትን ፊልም ምን ልሠራበት ነው የማስጭነው? ከዚያ የጠየቁኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። «ታዲያ ላጥፋልህ?»

ደግሞ አንድ የረቀቀ ዘዴ አለዎት። አይናገሩም። «ምንም አልልህም፤ ራስህ እየው» ይላሉ። እሰይ፣ ሰው ሆነ ብዬ ስደሰት «ብቻ መሀረብ ያዝ» ይጨምራሉ። ወይም «ያንን ዝምተኛ ልጅ ልብ በለው»። በቃ፣ አለቀልኝ። ፊልሙን ትቼ ዝምተኛው ልጅ ላይ ሳፈጥ አመሻለሁ። ውሃ ሲጠጣ እጠረጥረዋለሁ። በር ሲከፍት እጠረጥረዋለሁ። ፊልሙ ሲያልቅ ልጁ ምንም ያላደረገ ሆኖ ይገኛል፤ ለካ እርስዎ ያሉት ሌላኛውን ዝምተኛ ልጅ ነው።

መከራከሪያም አያጡም። «መጨረሻው ቢታወቅ ምን አለበት? የ2016ቱን ወደኸው የለም እንዴ?» ይሉኛል። እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ይዘዋል፤ ልመስክርልዎት። የ2016ቱ ሮግ ዋን መጨረሻው 39 ዓመት ሙሉ የታወቀ ፊልም ነው። የ1977ቱ ሲከፈት የሚወጣው ቢጫ ጽሑፍ ሰላዮች አገር የሚያክል የጠላት ምሽግ ፕላን መስረቃቸውን ይናገራል። ሮግ ዋን ያንን ስርቆት ነው የሚያሳየው። እንደሚሰርቁት አውቄ ገባሁ። ማን ከዚያ በሕይወት እንደሚወጣ ግን አላውቅም ነበር። ያን ሰሞን እርስዎ ታመው ነበር መሰለኝ፤ ማንም አልነገረኝም። ጥፍሬን ስበላ አመሸሁ። ከ1980ው ቀጥሎ የምወደው እሱን ነው፤ ምሕረት ያድርግልዎት እንጂ፣ አልጋ ላይ መዋልዎ ሳይረዳኝ አልቀረም።

የ1980ውንም ቢሆን ሃያ ጊዜ ሳላየው አልቀርም። ድልድዩ ጋ ሲደርስ ዛሬም ቡናዬን አስቀምጣለሁ። መልሱ የታወቀ እንቆቅልሽም እኮ ሲደገም ደስ ይላል። ግን ሥርዓት አለው። «እንቆቅልሽ» ይባላል፣ «ምን አውቅልህ» ይባላል። የማያውቅ ሰው ይሞክራል፣ ይሳሳታል፣ ሲያቅተው አገር ይሰጣል። ጠያቂው ጎንደርን ይቀበልና እዚያ ገብቶ እየበላ እየጠጣ ይሰድበዋል፤ መልሱን የሚነግረው ከዚያ በኋላ ነው። በእኛ ደንብ መልስ አገር ያስከፍላል። እኔ ለእርስዎ መቼ አገር ሰጠሁ? ቀበሌ እንኳ አልሰጠሁም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። በዚህኛው ጊዜ የእህቴ ባል ወንድም ሆነው መጥተዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ሲሸትዎት እህቴ ቤት ብቅ ይላሉ። እህቴ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ አላት። ይህ ልጅ፣ በዚህ በስልክ ዘመን፣ ሦስቷን ቃል አልሰማም። እንዴት እንዳመለጠው አላውቅም። እንደ እንቁላል ነው የያዝኩት።

ባለፈው ቅዳሜ የ1977ቱን አሳየሁት። መጀመሪያ ተከራከረኝ። «አጎቴ፣ ይሄ እኮ 4 ይላል። 1 አይቀድምም?» አለኝ። መጀመሪያ ሲታይ ቁጥር እንዳልነበረው፣ 4 የሚለው በ1981 እንደተጨመረ አስረዳሁት፤ አላመነኝም። እውነቱን ልነግረው አልችልም። ከ1 የጀመረ ልጅ 3 ላይ ሲደርስ ምስጢሩ ሜዳ ላይ ይወጣል። ሉካስ ራሱ፣ ይቅር ይበለውና፣ በ1999 ወደ ኋላ ተመልሶ ከ1 መቁጠር ሲጀምር እንደ እርስዎ ሆነ። እሱም ይሁን። ግን አሥራ ስድስት ዓመት ጠብቀን ቢጫው ጽሑፍ ሲወጣ በንግድ መስመሮች ላይ ስለተጣለ ግብር ያወራል! ግብርማ እዚህም አለ። እሱን ለማየት ሌላ ጋላክሲ መሄድ አያስፈልግም ነበር።

ብቻ ልጁ ተቀመጠ። አሸዋው ሲመጣ «ይሄ የት ነው?» አለ። ቱኒዚያ ነው የተቀረጸው አልኩት፤ የፕላኔቷም ስም፣ ታቱዊን፣ ታታዊን ከምትባል የቱኒዚያ ከተማ የመጣ ነው። «አፍሪካ?» አለ። አዎ። ከዚያ በኋላ ሶፋው ላይ ተጋድሞ የነበረው ልጅ ቀና ብሎ ተቀመጠ፤ ራሱም ድርሻ ያለው ይመስል። ጥቁሩ ሰውዬ ብቅ ባለ ቁጥር ትራሱን ያቅፋል። ትንፋሹን ሰምቶ «አሞታል?» አለ። ደስታዬን ልነግርዎት አልችልም። ስክሪኑን ትቼ እሱን ሳይ ነበር።

ከዚያ ሳይታሰብ ዞር ብሎ «አጎቴ፣ ይሄ ሰውዬ ልጅ አለው?» አለኝ።

ቆሎ አነቀኝ። እህቴ ጀርባዬን ስትመታኝ፣ ውሃ ሲመጣ፣ ጥያቄው ተረሳ። ክቡር ሆይ፣ ያኔ እርስዎ በረንዳው ላይ ጫማዎን እያወለቁ ነበር። አንድ ደቂቃ ቀድመው ቢገቡ ኖሮ ሁላችንም አልቆልን ነበር።

ስለዚህ የሚከተለውን በትሕትና አሳስባለሁ። የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ሁለተኛውን እናያለን። ፊልሙ ከሁለት ሰዓት ትንሽ ያልፋል። አቦሉ ያለ እርስዎ ይጠጣል። ቶናውም እንደዚያው። በረካው ላይ ይድረሱ፤ ከ10 ሰዓት ተኩል በፊት በሩ አይከፈትም። ቢያንኳኩ የለንም። ድምፃችንን ቢሰሙም የለንም። በስልክ መደወል፣ በመስኮት መጥራት፣ በአጥር ላይ «ድልድዩ ጋ ደረሳችሁ?» ማለት በጥብቅ የተከለከለ ነው። ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ግን ከልጁ ጋር ቁጭ ብለው እስከ ማታ ያውሩ። የሚያወራለት ሰው ይፈልጋል፤ እኔ ብቻዬን አልችለውም።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለእህቴ፦ የበሩ ቁልፍ እኔ ዘንድ እንዲቆይ
ለእህቴ ባል፦ ወንድሙን ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ሌላ ጉዳይ እንዲልክልኝ
ለፊልም ጫኚው፦ ፍላሼን እንዲመልስ
ለእህቴ ልጅ፦ ቅዳሜ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ብቻ የሚሰጥ