ማስተካከያ፦ የሌሊት ወፎቹን የፈጃቸው ቫይረስ አይደለም

ቀደም ሲል የወጣው ጽሑፍ በሰሜን አሜሪካ ዋሻዎች የብርዱን ወራት እያንቀላፉ የሚያሳልፉ የሌሊት ወፎችን «ቫይረስ» እንደገደላቸውና ከሁሉም ዝርያዎች 90 በመቶው እንዳለቀ ይገልጻል። ሁለቱም ይታረሙ።

ገዳዩ ፈንገስ ነው። በሽታው «ነጭ አፍንጫ» የሚባለው አፍንጫና ክንፍ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ስለሚያበቅል ነው። መጀመሪያ የታየው በ2006 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ነው። ፈንገሱ ቅዝቃዜ ይወዳል፤ ያንቀላፋ የሌሊት ወፍ ገላ ደግሞ እንደ ዋሻው ይቀዘቅዛል። ቆዳቸውን ሲበላው ቶሎ ቶሎ ይነቃሉ። በነቁ ቁጥር ለብርዱ ወራት ያጠራቀሙት ስብ ይነዳል። የሚመገቧቸው ነፍሳት ገና ሳይመለሱ ስንቃቸው ያልቃል። አንዳንዶቹ ጭራሽ በጠራራ ፀሐይ፣ በረዶ ላይ ሲበሩ ይታያሉ።

ከ90 በመቶ በላይ የቀነሱት ሦስት ዝርያዎች ናቸው፤ ትንሿ ቡናማ የሌሊት ወፍ አንዷ ናት። ትልቋ ቡናማ ግን በአንጻሩ ብዙም አልተጎዳችም። በአውሮፓም ፈንገሱ አለ፤ እዚያ ግን በገፍ አይገድልም።

ለሰውስ ያሰጋል? አያሰጋም፤ የሰውነታችን ሙቀት አይስማማውም። ጫማችን ግን የፈንገሱን ዘር ከዋሻ ዋሻ ሊያዛምት ይችላል።