ጭላዳ አይስቅም

የደሴ ሰው የዱር እንስሳ ወዳጅ የሚሆነው አስቦበት አይደለም። ሐኪም «ስኳርህ ከፍ ብሏል፣ ተራመድ» ይለዋል፤ በማግስቱ ቱታውን ለብሶ የጦሳን ተራራ ይያያዘዋል። ጦሳ ደግሞ ለስኳር አይራራም፤ በየሃምሳ እርምጃው ያስቆማል። «ደከመኝ» ማለት ነውር ስለሆነ ስልክ አውጥቶ ፎቶ የሚያነሳ መምሰል ይሻላል። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህች ማስመሰል ነው።

መጀመሪያ የሚነሳው ቁራ ነው፤ ያ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ ምንቃሩ መዶሻ የሚያህለው። ይህ ቁራ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ እንደማይገኝ የሰማ ዕለት ሰውዬው ይለወጣል። ሰርግ ላይ እንኳ ሙሽራዋ ስትገባ እሱ ወደ ሰማይ ያያል።

ቀጥሎ ባይኖኩላር ይገዛል፣ ያውም «ሃምሳ ጊዜ ያጎላል» የተባለለትን። 8×42 የሚል ይበቃው ነበር፦ 8 ማጉያው ነው፣ 42 የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊሜትር። ከ10 ካለፈ ዳገት ወጥቶ በሚያለከልክ ሰው እጅ ላይ ወፉን ትቶ የልብ ምት ያሳያል። አስተካከሉም ወግ አለው፤ ቀኝ ዓይንን ጨፍኖ የመሐሉን መዘውር በግራው ማጥራት፣ ከዚያ ግራውን ጨፍኖ በቀኙ በኩል ያለችውን ቀለበት ማዞር። ይህን ያልሠራ ራስ ምታቱን ይዞ ይወርድና «ቡዳ በላኝ» ይላል። ወደ ከተማው ማዞር ግን አይመከርም፤ ልብስ የምታሰጣ ጎረቤት «ወፍ እያየሁ ነው» የሚለውን አትቀበልም።

ከዚህ በኋላ ደላንታ ወይም ቦረና ሳይንት መሄዱ አይቀርም፤ ዝንጀሮ የሚመስለው ባለጎፈሩ የደጋ እንስሳ፣ ጭላዳ፣ እዚያ ነዋ! መድረስ ያለበት በጠዋት ነው። መንጋው ገደል ላይ አድሮ ይወጣና ፀሐይ እየሞቀ እርስ በርሱ ይቀማመላል። ከዚያ ሥራ ይጀምራል፤ ምግቡ በአብዛኛው ሳር ስለሆነ ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ እየነጨ፣ ሳይነሳ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ይውላል። ወንዱ ጎፈሩን ነስንሶ አባወራ ይመስላል እንጂ፣ ሴቶቹ ፊት ከነሱት ቦታውን ሌላ ይወስድበታል። ባለቱታው ይህን ሲሰማ ዝም ይላል።

ስህተቱ የሚመጣው ሲጠጋ ነው። ጭላዳው የላይ ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ያወጣል፤ ነጣ ያለ ቆብ ዓይኑም ብልጭ ይላል። ሰውዬው «ሳቀልኝ!» ብሎ አንድ እርምጃ ይጨምራል። አልሳቀም፤ «ተመለስ» ነው ያለው። መድኃኒቱ ዓይን ዓይኑን ሳያዩ ቀስ ብሎ መቀመጥ ነው። ዳቦ መወርወር ደግሞ ደግነት እንዳይመስል፤ ዛሬ ዳቦ የተወረወረለት ነገ ቦርሳ ይፈትሻል።

ውሻ አስከትሎ የሚወጣም አይጠፋም። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ጥቂት መቶ ነው፤ ከውሻ የሚጋባበት የእብደት በሽታ ደግሞ መንጋውን ይጨርሰዋል። ቀበሮው ከጭላዳ መንጋ መሐል ገብቶ አይጥ ያድናል፣ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። ጎረቤታችን መንዝ ጓሳ ላይ ተቆጥሮ ከጭላዳ መሐል ሲያድን ከመቶ ሙከራው 67ቱ ሲሳካለት፣ ብቻውን ሲሆን 25 ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። (ቆጠራው መንዝ ላይ መቅደሙ ወሎዬን ትንሽ ያንገበግባል።)

ቅዳሜ ቡና ላይ ስልኩ ይዞራል። አቦል ላይ «ማሻ አላህ» ይባላል። ቶና ላይ አንዱ «ዝንጀሮ ነው?» ብሎ ይሳሳትና ሩብ ሰዓት ትምህርት ይወርድበታል። በረካው ላይ ስልኩ ከደላንታ ለገበያ የመጡ አንድ አባት እጅ ይገባል። ፎቶውን በሁለት ጣት ገልጠው፣ ጎፈሩን አልፈው፣ ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ አልፈው፣ እጁ ላይ ይደርሳሉ።

«ልጄ» ይላሉ፣ «ይቺ የያዛት የኔ ገብስ ናት።»