ማስተካከያ፦ የጣሪያ መብራት ፊውዝ የት ይቀመጥ?

ባለፈው ላንድክሩዘር ጣሪያ ላይ ስለሚታሰር መብራት ስጽፍ «ፊውዙን ዳሽቦርድ ስር፣ ማብሪያው አጠገብ አድርጉት» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ቦታው ኮፈኑ ስር፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ነው። ፊውዝ የሚጠብቀው ከእሱ ወዲያ ያለውን ሽቦ ብቻ ነዋ! እኔ ባልኩት መንገድ ከባትሪ እስከ ዳሽቦርድ ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውም። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ በንዝረቱ ሽቦው ተልጦ ቦዲ ቢነካ፣ ፊውዙ ሳይበጠስ ሽቦው ይነዳል።

የፊውዙንም አምፒር ያኔ አሳንሼ ነው የጻፍኩት። ባለ 15 አምፒር የሚበቃው ለሁለት መብራት ነው። አራት ባለ 55 ዋት ሃሎጅን 220 ዋት ይሆናል፤ ለ12 ቮልት ስታካፍሉት ከ18 አምፒር ያልፋል። ስለዚህ ባለ 25 ፊውዝ፣ ሽቦውም ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን። መኪናችሁ ባለ 24 ቮልት ከሆነ አምፒሩ በግማሽ ይቀንሳል። የተበጠሰ ፊውዝን በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት መጠቅለል ግን (ስንቱ ያደርገዋል!) እሳት መጥራት ነው።

የሪሌው (በማብሪያው ትንሽ ኮረንቲ የመብራቱን ትልቅ ኮረንቲ የሚያበራና የሚያጠፋው መቀየሪያ) አያያዝ ያኔ እንዳልኩት ነው፤ ቁጥሮቹ እግሮቹ ላይ የተጻፉት ናቸው፦ 30 ከባትሪ፣ 87 ወደ መብራት፣ 86 ከማብሪያ፣ 85 ወደ ቦዲ።

ጮቄ ላይ ጭጋግ ሲይዛችሁ ደግሞ የጣሪያውን አጥፉት። ብርሃኑ ተመልሶ ዓይናችሁ ውስጥ ነው የሚገባው።