ያልተገጠመው ኤሲ

አዲስ አበባ ላይ በደንብ የታሰበበት ቢሮ ያለ ማቀዝቀዣ መሥራት ይችላል። መስኮቱ ይከፈታል፣ ጥላ አለው፣ ግድግዳው የቀኑን ሙቀት ይዞ ማታ ይለቀዋል። ይህንኑ ሕንፃ በአሽሬ 90.1 (የአሜሪካው የማሞቂያና ማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር የሕንፃ ኃይል ቁጠባ ኮድ) አባሪ «ጂ» ስንመዝነው ግን ነገሩ ይገለበጣል። አባሪው የታቀደውን ሕንፃ በኮምፒውተር አስመስሎ (በሲሙሌሽን) ከኮዱ ማነጻጸሪያ ሕንፃ ጋር በኃይል ፍጆታ ያወዳድራል። ደንቡ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ማቀዝቀዣ ያልቀረበለትን ክፍል የማነጻጸሪያው ሕንፃ ዓይነት ማቀዝቀዣ እንዳለው አድርጋችሁ ሞዴሉን ሥሩ ይላል። ያልተገጠመው ኤሲ በሲሙሌሽኑ ውስጥ ይገጠማል። አርክቴክቱ ኤሲውን በመተው ያዳነው ኤሌክትሪክ በሁለቱም ሞዴል ውስጥ ስለሚቆጠር ቁጠባ ሆኖ አይታይም።

ደንቡ ያለ ምክንያት አልተጻፈም። ባለሀብቱ «ኤሲ የለኝም» ብሎ ነጥብ ከወሰደ በኋላ ተከራዩ በየመስኮቱ እንዳይሰቅል ይከላከላል። ጥፋቱ የሲሙሌሽን ማስተማሪያው ቅደም ተከተል ላይ ነው። ተማሪው ሲሙሌሽንን የሚተዋወቀው በኮድ ማሟያው (ሕንፃው ኮዱን ማሟላቱን በሚያሳየው ስሌት) በኩል ከሆነ፣ ሕንፃ ማለት ኤሲ የተገጠመለት ሳጥን ይመስለዋል። ስለዚህ በአርክቴክቸርና በምህንድስና ትምህርት ቤቶቻችን የኮድ ማሟያው መጨረሻ ላይ መምጣት አለበት እላለሁ።

መጀመሪያ ወረቀትና ካልኩሌተር። በሁለት በኩል የተለሰነ ባለ 20 ሳንቲ ብሎኬት ግድግዳ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር፣ በአንድ ዲግሪ የሙቀት ልዩነት፣ 2.4 ዋት ገደማ ያሳልፋል። 10 ካሬ ግድግዳ በ10 ዲግሪ ልዩነት 240 ዋት መሆኑ ነው። ወደ ምዕራብ የዞረ 10 ካሬ ተራ መስታወት ደግሞ በካሬ 600 ዋት የከሰዓት ፀሐይ ቢያርፍበትና 80 በመቶውን ቢያስገባ 4,800 ዋት ይሆናል፤ ሃያ እጥፍ። ይህን በእጁ ያሰላ ተማሪ ከቀዝቃዛ አገር መጽሐፍ ቀድቶ ግድግዳ ላይ ኢንሱሌሽን (የሙቀት መከላከያ) አይለጥፍም። (ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ኢንሱሌሽን ገንዘቡን ይመልሳል።) ጥላውንም በእጁ ያስላ። ታኅሣሥ 12 እኩለ ቀን ላይ የአዲስ አበባ ፀሐይ በደቡብ በኩል 58 ዲግሪ ከፍታ ላይ ናት። 1.5 ሜትር ቁመት ያለውን የደቡብ መስኮት ሙሉ በሙሉ ለመሸፈን 94 ሳንቲ የወጣ ጥላ ያስፈልጋል፤ መጋቢት አጋማሽ ግን 24 ሳንቲ ይበቃል። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ደግሞ የእኩለ ቀን ፀሐይ ወደ ሰሜን ትዞራለች።

ከዚያ በኋላ ኢነርጂፕላስ የተባለው የሕንፃ ሲሙሌሽን ፕሮግራም ይከፈት፤ በነፃ የሚገኝ ነው። ከአንድ ክፍል በላይ አያስፈልግም፤ ሃያ ፎቅ የሣለ ተማሪ ስህተቱን የት እንደሚፈልግ አያውቅም።

የእኛ አገር ስህተቶች ደግሞ የራሳቸው ጠባይ አላቸው። አንደኛው ሰዓት ነው። «ሥራ ከ2 እስከ 11» ብሎ በሐበሻ ሰዓት የሞላ ተማሪ ሕንፃውን ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ያሠራዋል። ፕሮግራሙ ምንም አይነግረውም፤ ውጤቱም ያማረ ይሆናል፣ ሕንፃው ከሰዓት በኋላ ባዶ ነውና። ሁለተኛው ወቅት ነው። ከአውሮፓ ፕሮጀክት የተቀዳ ፋይል ከባዱን የሙቀት ቀን ጁላይ ላይ ያስቀምጣል፤ ያ ለእኛ ደመና የከበደበት ሐምሌ ነው። ሙቀታችን ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው። ሦስተኛው ከፍታ ነው። በ2,355 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ያንኑ ሙቀት ለማንሳት አንድ ሦስተኛ ያህል ተጨማሪ የአየር መጠን ያስፈልጋል። በባሕር ጠለል የተመረጠ ፋን እዚህ ያንሳል።

ኤሲ የሌለው ክፍል በኪሎዋት ሰዓት አይመዘንም፤ በምቾት ሰዓት ነው። የዚሁ ማኅበር የምቾት ደረጃ አሽሬ 55 በተፈጥሮ አየር ለሚሠራ ክፍል ቀላል ቀመር አለው፤ የሰሞኑን የውጭ አማካይ ሙቀት በ0.31 አባዝተው 17.8 ይደምሩበታል። ውጭው 17 ዲግሪ ሲሆን 23.1 ይመጣል፤ ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች 3.5 ዲግሪ ይፈቀዳል። ተማሪው ክፍሉ በዓመት ስንት የሥራ ሰዓት ከሚፈቀደው ክልል (ውጭው 17 ሲሆን ከ19.6 እስከ 26.6) ውጭ እንደዋለ ይቁጠር፤ ከዚያ ጥላውን ለውጦ እንደገና ይቁጠር።

አሁን ወደ ኮዱ መሄድ ይቻላል። ያለ ሲሙሌሽን፣ የኮዱን ዝርዝር ግዴታዎች አንድ በአንድ በማሟላት በሚኬድበት መንገድ፣ መስታወት ከግድግዳው 40 በመቶ አይበልጥም፤ ዙሪያውን መስታወት የለበሰ ፎቅ የሚሠራ ሰው ወደ ሲሙሌሽኑ የሚገፋው አንዱ ምክንያት ይኼ ነው። ማነጻጸሪያው ሕንፃ በአራት አቅጣጫ ዞሮ የፍጆታው አማካይ ይወሰዳል። ሰዎች የሚገቡበትና የሚወጡበት ሰሌዳ በሁለቱም ሞዴል አንድ ይሆናል፤ ማጭበርበር የሚጀመረው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። ሙቀቱ ከተፈለገው ልክ የሚወጣባቸው ሰዓቶች በየሞዴሉ ከ300 መብለጥ የለባቸውም። ገደቡ የሚታለፈው አብዛኛውን ጊዜ በቀላል ነገር ነው፤ ሠራተኛውም የማቀዝቀዣው ማሽንም ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አብረው ከጀመሩ የመጀመሪያዋ ሰዓት በየቀኑ ትባክናለች። በ250 የሥራ ቀን 250 ሰዓት በዚህ ብቻ አለቀ። ተማሪው ማሽኑን ከሠራተኛው ቀድሞ በማስነሳት ፋንታ አቅሙን እጥፍ ያደርገዋል።

ፈተናውም «ሞዴል ሥሩ» ባይሆን ይሻላል። ሦስት ስህተት የተደበቀበት የተሠራ ሞዴል ይሰጥና ተማሪው መጀመሪያ የስህተት መዝገቡን፣ ቀጥሎ ሰሌዳውን፣ ከዚያ የወር በወሩን ውጤት አንብቦ ያውጣቸው። ሪፖርቱ ሁለት ሠንጠረዥ ይኑረው፤ አንዱ ያለ ኤሲ የተቆጠረው የምቾት ሰዓት፣ ሌላው የኮዱ ንጽጽር። ከሁለተኛው ሥር «ይህ ማቀዝቀዣ በዲዛይኑ ውስጥ የለም» የሚል መስመር ይጻፍ፤ ባለሀብቱ ሠንጠረዡን አይቶ እንዳያዝዘው።